ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራው ምንድን ነው? ሸምድጄዋለሁ እንጂ አልገባኝም

ጠያቂ፣ ከደብረ ሲና
ሰላም ለሁላችሁ። ለሲኦሲ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዋና ዋና ሥራዎች የሚለውን ሸምድጄዋለሁ። ፕሮሰሰር ማስተዳደር፣ ሜሞሪ ማስተዳደር፣ ፋይል፣ ዲቫይስ... እውነቱን ለመናገር ግን አልገባኝም። ቀን ቀን ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ኮምፒውተሩ 2 ጊጋ ራም አለው፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ዎርድ፣ ክሮምና ስካነሩን አንድ ላይ ስከፍት ስታክ ያደርጋል። ደንበኛ ቆሞ ያየኛል። አንድ ባለሙያ “ቫይረስ ነው” ብሎ ፎርማት አደረገው፤ በሁለተኛው ቀን እዚያው ነው። የሸመደድኩትና ይሄ ችግር ይገናኛሉ?

ጠጋኝ፣ ከደብረ ብርሃን
በደንብ ይገናኛሉ እህቴ። ደብረ ሲና ካለሽ ከቆሎ ሻጮቹ ልጀምርልሽ። አውቶቡስ ሲቆም አንዷ ልጅ አምስት መስኮት ታስተናግዳለች። ለአንዱ ትሰፍራለች፣ ከሌላው ብር ትቀበላለች፣ ለሦስተኛው መልስ ትሰጣለች። ሁሉም ለሱ ብቻ የቆመች ይመስለዋል። ፕሮሰሰሩንም፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራውን ክፍል፣ በሚሊሰከንድ ተራ እያቀያየረ ሁሉም ፕሮግራም አብሮ የሚሄድ የሚያስመስለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው።

ያንቺ ችግር ግን ሜሞሪው፣ ማለትም ራሙ ጋ ነው። የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ራም ላይ ቦታ ይፈልጋል። ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው፣ አንዱ የሌላውን እንዳይነካ የሚጠብቀው ሲስተሙ ነው። ቦታው ሲጠበው ለጊዜው የማትነኪውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወርዳል። ስትመለሺበት እንደገና ያወጣዋል። ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲተያይ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ በተለይ የሚሽከረከረው ዓይነት። ስታክ ያልሽው ይሄ ምልልስ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት ለ64 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ዝቅተኛው 2 ጊጋ ነው ይላል። ያ እኮ ይነሣል ለማለት ነው እንጂ ሥራ ይችላል ለማለት አይደለም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ቁጥሮች አንብቢ። ሳያዩ ፎርማት ማድረግ በጣም ያናድደኛል። የሚጠፋው የሰው ፋይል ነው።

ዲቫይስ ላልሽው፦ ፕሪንተሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፕሪንተር አልታዘዝ ካለሽ መጀመሪያ እሱን እዪ።

ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ
ፋይሉን እኔ ልጨምር። 5 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ ባዶ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ አልገባ ብሎኝ ፍላሹን ልጥለው ነበር። ለካ የፍላሹ የፋይል አቀማመጥ ዘዴ ፋት32 የሚባለው ነው። በሱ አንድ ፋይል 4 ጊጋ አይሞላም። ኤክስፋት ወደሚባለው ዘዴ ቀይሬ ፎርማት ሳደርገው ገባ።

ጠያቂ
ጋሼ፣ አሁን አየሁት። ሜሞሪ 94፣ ዲስክ 100 ይላል! ክሮምን ስዘጋው ወዲያው ወረደ። እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ለኮፒ ቤቱ ባለቤት አሳይቻት ራም እናስጨምራለን።

ጠጋኝ
ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን አውጥታችሁ እዩት። የራም ዓይነቱ ይለያያል፤ ዲዲአር3 የሚባለው ዲዲአር4 ቦታ ላይ አይገባም። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ አትግዙ፤ አይጠቀምበትም።