ተከራዩ ታሟል፣ አራት ወር አልከፈለም፤ ማን ይሸከመው?

የኮተቤው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቤታችን ጭቅጭቅ ተነስቷል፣ ፍረዱን። እናቴ ጡረተኛ ናት። ግቢ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት ታከራያለች። አንደኛው ላይ አንድ አናጺ ከነሚስቱና ከልጁ ሦስት ዓመት ኖሯል። አንድም ወር አዛንፎ አያውቅም ነበር። ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ። አሁን በሳምንት ሁለቴ እጥበት ነው፤ እጥበት ውሎ የመጣ ሰው ደግሞ መጋዝ አያነሳም። አራት ወር አልከፈለም። እናቴ «ከታመመ ሰው ምን ልቀበል?» ትላለች። ወንድሜ «ያንቺን የደም ግፊት መድኃኒት ማን ይግዛ?» ይላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለኮንዶሚኒየም፦ እኔ ልናገርና ስደቡኝ። 20/80 ነው የደረሰኝ። ኪራዩ ከእጄ ሳይገባ ለባንክ ዕዳ ይሄዳል። እኔ ራሴ ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው። ባንኩ «ተከራይህን እግዜር ይማረው» ብሎ አንድ ወር አያልፈኝም። አከራይ ሲባል ሁሉም ፎቅ ያለው ይመስላችኋል። አንድ ወር እታገሳለሁ፣ ሁለትም ይሁን። ከዚያ በኋላ ያሳዝናል፣ ግን ይውጣ።

ተከራይ ነኝ፦ ወንድሜ፣ «ይውጣ» ማለቱ ቀላል ነው። ወጥቶ የት ይገባል? ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ ደላላ አለ፣ የዕቃ መጫኛ አለ። ይሄ ሁሉ ቢኖረው ላንተ አይከፍልህም ነበር? ደግሞስ በሽተኛ ያለበትን ቤተሰብ ማን ያስገባል? እኔ ጤነኛ ሆኜ እንኳ «ልጅ አለሽ?» ተብዬ ስንት ቤት አምልጦኛል። ሦስት ዓመት በጊዜው የከፈለ ሰው በአራት ወር አይመዘንም።

ባለኮንዶሚኒየም፦ እሱስ ልክ ነሽ እህቴ። ግን ሦስቱን ዓመት የከፈለው ለኖረበት ነው። ቁጠባ አላስቀመጠብኝም።

ተከራይ ነኝ፦ መልስ የለኝም። ግን አበሸቅከኝ።

ሕግ ቢጤ፦ ሕጉን ላስቀምጥላችሁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። የኪራይ ጭማሪን ይገድባል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ግን ይሄ ሁሉ ከለላ ኪራዩን ለሚከፍል ነው። ሕመም ዕዳ አይሰርዝም፤ ኪራይ ካልተከፈለ ውል ይቋረጣል። ይቋረጣል ማለት ግን ቁልፍ መቀየር፣ መብራት መቁረጥ፣ ፍራሽ በረንዳ ላይ ማውጣት አይደለም። እንዲህ ያደረገ አከራይ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

ሰውዬው ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ስለዚህ በአራተኛው ወር እሱም ባዶ እጁን ነው። ለራሱ የሚሠራው አናጺ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ በኮሮና ጊዜ ኡበሬን አቁሜ ቤት ተቀምጬ ነበር። መንግሥት ተከራይ ማስወጣትን ለጊዜው ከለከለ፤ ለኪራይ እርዳታም 46 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበ። የኔ ውዝፍ በቀጥታ ለአከራዬ ነው የተከፈለው። ወረቀቱ አሰልቺ ነበር፣ ወራትም ፈጅቷል፤ ግን እሱም አልከሰረ፣ እኔም አልወጣሁ።

ባለኮንዶሚኒየም፦ ነገሩን አገኘኸው! እኛም ጋ በ2012 የአስቸኳይ ጊዜው ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ከልክሎ ነበር። ጥሩ ነው። ለኔ ግን ሰባራ ሳንቲም የሰጠኝ የለም። ጽድቁን መንግሥት ወሰደ፣ ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።

የዕድር ጸሐፊ፦ እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ሰውዬው ቢሞት፣ አያድርገውና፣ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን። ለሚስቱም ገንዘብ እንሰጣለን። በሕይወት እያለ ግን ደንባችን አያውቀውም። ስብሰባ ላይ አንስቼ «ዕድሩን ልታከስረው ነው?» ተብያለሁ። ተከራይማ ብዙ ጊዜ አባልም አይደለም፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው።

የጉለሌዋ እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ ደርሶብኛል። ተከራዬ ታማ ሰባት ወር ዝም አልኳት። ጽድቅ መስሎኝ ነው። ዳነች፣ ተመስገን። ግማሹን ከፈለችኝና በሌላው ግማሽ አፍራ ወጣች። አሁን ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ብሩንስ ተዉት፣ ሰውየዋን አጣኋት። ጥፋቱ የዝምታዬ ነው። ምን ያህሉን ምሬ ምን ያህሉን እንደምጠብቅ ያኔውኑ ብነግራት ኖሮ ዛሬም ቡና እንጠጣ ነበር። የኮተቤው፣ እናትህን «አስወጪው» አትበሏት፤ ዝም እንድትልም አትተዋት።

ተከራይ ነኝ፦ እትዬ፣ ይሄ ከሁላችንም ክርክር ይበልጣል።

የኮተቤው፦ ትናንት ማታ ተቀመጥን፣ ሁለት ጎረቤት ባሉበት። እኛ ሳንጀምር ሰውዬው ጀመረ። የእንጨት መላጊያ ማሽኑን መያዣ እንድንወስድ ለመነ። እናቴ «እሱን ወስጄ ሲሻልህ በምን ልትሠራ ነው?» አለችው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እሱ ራሱ ወረቀት አመጣና ጻፈ። ያለፈው አራት ወር ይቆያል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሚስትየዋ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጠው ግማሽ ኪራይ ይከፈላል። ለስድስት ወር።

ፈርመን ስንጨርስ ልጅቷ «ስድስት ወር ሲያልቅስ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «በርበሬ እያሸተተ ነው፣ ወጡን እዪልኝ» አለቻት።