«እኔ ለላብ አይደለም የምከፍለው»

የ8ኛ ክፍል እናት፦ ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሚኒስትሪ ደረሰ ብሎ የ8ኛ ክፍልን ስፖርት ሰርዞ በሒሳብ ማጠናከሪያ ተክቶታል። አንድ አባት ተነስቶ «እኔ ለላብ አይደለም የምከፍለው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እስካሁን አልበረደልኝም። ልጄ በሳምንት የምትሮጠው ያቺን 40 ደቂቃ ብቻ ነበር።

የዮፍታሔ አባት፦ እኔም እዚያ ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ። በ2014 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። ይህን አይቶ የማይደነግጥ ወላጅ አለ?

ስፖርት አስተማሪ፦ ወንድሜ፣ እነዚያ ልጆች የወደቁት ሲሮጡ ውለው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። እኛ በሳምንት 40 ደቂቃ ሰጥተን እሱንም ነጠቅናቸው። በቆጂ ላይ እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት ስፖርት አስተማሪ ነበር።

ማሚ ከገርጂ፦ መምህር፣ በቆጂ ሜዳ አለ። የኛ ልጆች የሚማሩት ኪራይ ፎቅ ላይ ነው። ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የት ይሩጡ? የልጄ ትምህርት ቤት ጠዋት 5 ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው በዝግታ እንዲተነፍሱ ያደርጋል። ፈተና ሲደርስ ሆዷን ያማት ነበር፤ አሁን ቀንሶላታል።

ሰላም ለሁሉም፦ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ልጄ መረጋጋት ከፈለገ ጸሎት አለው።

ማሚ ከገርጂ፦ ትንፋሽ መቁጠር አምልኮ አይደለም። ልጄ ጸሎቷንም አልተወችም።

ስፖርት አስተማሪ፦ እህቴ፣ የልጅሽን አልክድም። ደስ ብሎኛል። ግን የሩጫ ምትክ አታድርጊው። እንዲህ ያለው የመረጋጋት ልምምድ እንግሊዝ አገር ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ ተጠንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ለውጥ አላሳየም። ብዙዎቹ ልጆች ቤታቸው አልተለማመዱትም።

የዮፍታሔ አባት፦ ስፖርት ይጥፋ ያለ የለም። እሑድ እሑድ ልጄን እኔ ሜዳ እወስደዋለሁ። ሰውዬው ያለው ስለ ክፍያው ነው።

የ8ኛ ክፍል እናት፦ ያለው «ላብ» ነው። ቃሉን አትቀይርለት። እኔን አባቴ ያስተማረኝ በላቡ ነው። ልጆቻችን ፊት ላብን ስናዋርድ ምን ይማራሉ? ደግሞ አንተ እሑድ ጊዜ አለህ። እኔ እሑድም ሥራ ነኝ።

ሰላም ለሁሉም፦ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገቧቸዋ፤ ሜዳው ሰፊ ነው።

ማሚ ከገርጂ፦ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ሆነው? ሜዳውን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ።

የ8ኛ ክፍል እናት፦ ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጋ እገባለሁ። ከቅዳሜው ስብሰባ አብሮኝ የሚገባ አለ?

የዮፍታሔ አባት፦ እኔ እመጣለሁ። ግን ለሒሳቡ ነው የምከራከረው።