ሉተራኖቹ ሕንጻውን ሊሸጡ ነው፤ እንግዛው?

የጥያቄው ባለቤት፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ አሜሪካ ለአማርኛ ቤተክርስቲያናችን እሁድ እሁድ አዳራሽ የሚያከራዩን ሉተራኖች ሕንጻውን ሊሸጡ ነው። የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ቅድሚያ ለእኛ ሰጥተውናል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። እንግዛ ወይስ ሌላ ኪራይ እንፈልግ? ምድር ቤት ያገኘሁትን የድሮ ፖስት ካርድም ለጥፌያለሁ። «አንዶቨር፣ ኢሊኖይ» ይላል፤ ቤተክርስቲያን ነው፣ ግን የደወል ማማ የለውም።

ጋሽ ሽበት፦ እሱ የጄኒ ሊንድ ቻፕል ነው፣ ልጄ። የሉተራኑ ፓስተር ኤስብዮርን እ.ኤ.አ. በ1849 ከስዊድን መጡ። ለግንባታው ገንዘብ ፍለጋ ሲዞሩ ዘፋኟ ጄኒ ሊንድ 1,500 ዶላር ሰጠች። ወዲያው ኮሌራ ገባ። ለማማው የተዘጋጀው እንጨት ሬሳ ሣጥን ተሠራበት፣ ማማውም ቀረ። ሰዎቹ እየሞቱ ሠሩ፤ እናንተ ሞርጌጅ፣ የቤት መግዣ የባንክ ብድር፣ ትፈራላችሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጋሼ፣ ባንክ ታሪክ አይቀበልም። ቤተክርስቲያን ሳያመለክትም ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ነው፤ አበዳሪ ግን ነጻ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ የአይአርኤስን (የፌዴራሉን ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል። የንብረት ግብር ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው አመልክቱ። ከመፈረማችሁ በፊት ጣራውን፣ የማሞቂያውን ቦይለርና አስቤስቶስ (ጤና የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ቁስ) መኖር አለመኖሩን በባለሙያ አስዩ። አሮጌ ሕንጻ ገንዘብ ይበላል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ገዝተን ማን ሊሰበሰብበት ነው? የነዚሁ ስዊድኖች የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር፣ አውጉስታና ሲኖዶስ፣ በ1860 ሲቋቋም ስብከቱ በስዊድንኛ ነበር። በ1920ዎቹ እንግሊዝኛው እየወረሰው መጣ። በ1962 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ስሙም ቀረ። የኔ ትልቁ «አባታችን ሆይ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ስልኩ ላይ ጽፎ ነው የሚያነበው። መጀመሪያ የአማርኛ አስተማሪ ቅጠሩልን።

ያገር ልጅ፦ ለቅድሚያ ክፍያ የምታዋጡትን ለአገር ቤት ብትልኩት አይሻልም? የሰፈራችን ጸሎት ቤት ጣራ ያፈሳል። እናቴ በደወለች ቁጥር የምታወራው እሱኑ ነው። ክረምት ሲመጣ ወንበሩን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው ነው የሚዘምሩት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ አምና ለዚሁ ጣራ አዋጥተን የለም እንዴ? ቆርቆሮው የት ገባ?

ያገር ልጅ፦ ዋጋ ጨመረ! እዚያ ያለውን ኑሮ ረስታችሁታል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ደረሰኝ አለ?

ጋሽ ሽበት፦ ተዉ እንጂ ልጆች፣ ሰው ያነበናል።

የጥያቄው ባለቤት፦ ለሉተራኖቹ ምን ልበላቸው ታዲያ?

ያገር ልጅ፦ ደረሰኙን ኮሚቴውን ጠይቁ!

የሁለት ልጆች እናት፦ ኮሚቴው አንተ አይደለህም እንዴ?