ለሕፃን የሚወጣው ገንዘብ ማን እጅ ይግባ?

የአራት ወሩ አባት (አዮዋ ሲቲ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ከአንድ የላቦራቶሪ ጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን፤ እናንተ ፍረዱን። ሚኒሶታ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የወለደ ሠራተኛ እየተከፈለው ቤቱ የሚቀመጥበትን ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሚሺጋን ውስጥ ደግሞ በ2024 ፍሊንት ላይ የተጀመረው አርኤክስ ኪድስ የሚባለው ፕሮግራም ለነፍሰ ጡሯ 1,500 ዶላር፣ ከወለደች በኋላ እንደ ቦታው ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት በየወሩ 500 ዶላር በእጇ ይሰጣታል፤ ገቢሽ ስንት ነው አይላትም። እኛ አዮዋ ያለን የግል ተቀጣሪዎችና ተማሪዎች ሁለቱም የሉንም። ጓደኛዬ “መንግሥት ብር ካወጣ ሁሉም ለዴይኬር፣ ለሕፃናት ማቆያው ይሁን፣ ዋጋው ይውረድ” ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም።

የቤቴን ጉድ ልንገራችሁ። ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ትሠራለች። እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ረዳት ነኝ። ሌሊቱን ልጁ ከእኔ ጋር ያድራል። ጠዋት በአንቀልባ አዝዬው፣ ካፖርቴን በላዩ ቆልፌ፣ በካምባስ፣ በዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ፣ እሄዳለሁ። እሷ ከሥራ ወጥታ ሕንፃው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን አሙቃ ትጠብቀኛለች፤ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ቀበቶ ስለማይታሰር ልጁ ቱታውን አውልቆ ነው የሚገባው። ውጪው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን አስቡት። “ስንት ጠጣ?” “ሦስት አውንስ።” “ካካ?” “ሁለቴ።” ባልና ሚስት በቀን የምንነጋገረው ይህችኑ ነው። ከዚያ እሷ ልትተኛ ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

“ፈቃድ ለምን አትወስድም?” የሚለኝ አለ። በ1993 የወጣው የፌዴራሉ ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ያውም ያለ ደመወዝ። ለዚያም ቀጣሪህ 50 ሠራተኛ ሊኖረው፣ አንተም ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ልትሠራ ይገባል። 20 በ52 ሲባዛ 1,040 ነው። በነፃ ቤት ልቀመጥ ብል እንኳ የሚፈቅድልኝ ሕግ የለም። ስለዚህ እኔ ለፈቃድ ነኝ። እናንተስ?

የማንካቶዋ፦
ወንድሜ፣ እግዜር ያበርታህ። እኔ እዚህ ሚኒሶታ ሁለቱንም ዓይነት አራስነት አይቻለሁ። የመጀመሪያዬን በ2023 ወልጄ በአምስተኛው ሳምንት ሥራ ገባሁ። ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ባልዲ ገልብጬ እየተቀመጥኩ ነበር ወተቴን በፓምፕ የማልበው። ሕጉ “መጸዳጃ ቤት ያልሆነ ቦታ ይሰጣት” ይላል፤ ዕቃ ቤቱ በእርግጥ መጸዳጃ ቤት አይደለም! ሁለተኛዋን ግን አዲሱ ሕግ ደረሰልኝ። ለራሷ ለወላዷ ማገገሚያ አንድ ፈቃድ፣ ከልጁ ጋር መቆያ ሌላ ፈቃድ አለ፤ ሁለቱ ተደምረው እስከ 20 ሳምንት ይደርሳሉ። አባትም የራሱ 12 ሳምንት አለው። ለዚህ ሁሉ ከደመወዝ የሚሰበሰበው 0.88 በመቶ ነው፣ ከእሱም ቢያንስ ግማሹን ቀጣሪው ይችላል። በወር 3,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው የሚቆረጠው 13 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። አንድ ኪሎ በርበሬ አይገዛም።

የሱቁ ባለቤት (ማዲሰን)፦
ልጆቼ፣ ስለ 13 ዶላሩ አይደለም ነገሩ። አራት ሠራተኛ አለኝ። አንዷ 20 ሳምንት ብትቀር ለአምስት ወር ማንን አመጣለሁ? አሠልጥኜ ስጨርስ ያቺ ትመለሳለች፣ የሠለጠነውን ላሰናብት ነው። ትልቁ ካምፓኒ ሰው ከሌላ ክፍል ያዛውራል፤ እኔ ከየት ላዛውር፣ ከፍሪጁ? የሚሺጋኑ ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም። የልብ ሐኪም ሚስት ስትወልድ 500 ዶላር የሚሰጣት ምን ቸግሯት ነው? እኛ ሦስት ልጅ ያሳደግነው ማንም ቤሳ ሳይሰጠን ነው።

የማንካቶዋ፦
ጋሼ፣ ለትንሽ ቀጣሪ መዋጮው ይቀነስለታል፤ 30 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ላለው ማለት ነው። ሰው የማጣቱ ጭንቀት ግን እውነት ነው፣ አልከራከርዎትም። እኔ አራስ ቤት ሳለሁ በእኔ ቦታ የሚሸፍኑት ባልደረቦቼ ወገባቸው ተቆርጧል።

የዴይኬር ሠራተኛ (ኤምስ)፦
የሁላችሁንም ልጅ የማቅፈው እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ዴይኬር ውድ ነው ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ ደመወዜ አይበቃኝም። ታዲያ ብሩ የት ይገባል? እንዲህ ነው። አዮዋ ውስጥ በሕፃናት ክፍል አንድ ሰው ከአራት በላይ ሕፃን አይይዝም። ከወላጅ በወር 1,300 ዶላር ቢሰበሰብ አራቱ 5,200 ነው። ቤቱ በቀን ለ11 ሰዓታት ክፍት ነው፣ እኔ የምሠራው ግን 8 ሰዓታት ነው። ስለዚህ ለአራቱ ሕፃን ከአንድ ሰው በላይ ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ማሞቂያ፣ ምግብ አውጡለት። ማንም አልሰረቀም፤ ሒሳቡ ራሱ አይሞላም።

ስቴቱ በ2022 ምን አደረገ? ደመወዝ በመጨመር ፈንታ የሁለት ዓመት ልጆችን በአንድ ሰው ከ6 ወደ 7፣ የሦስት ዓመቶቹን ከ8 ወደ 10 ከፍ ማድረግ ፈቀደ። ሰባት የሁለት ዓመት ልጅ የበረዶ ልብስ አልብሳችሁ ታውቃላችሁ? ሰባተኛውን ጓንት ስታጠልቂ የመጀመሪያው ሽንቱ መጥቷል። የሠራተኛው መልቀቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ባለፈው ወር ከእኔ ጋር የነበረችው ልጅ መጋዘን ውስጥ የተሻለ ከፍለዋት ሄደች። አንድ የ9 ወር ሕፃን በር በተከፈተ ቁጥር እሷ መስላው ዞሮ ያያል፤ ሲያጣት ይነፋረቃል። ስለዚህ ብሩ ለዴይኬር ይሁን የሚለው ልጅ ልክ ነው። ፈቃዱ ቢበዛ በ20 ሳምንት ያልቃል፣ ልጅ ግን እስከ 5 ዓመቱ ጠባቂ ይፈልጋል።

የታሪክ ተማሪ (ሻምፔይን)፦
ለነገሩ ይህ ከተሞከረ ቆይቷል። በ1971 ኮንግረስ አገር አቀፍ የሕፃናት ማቆያ ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ የሚኒሶታው ሴናተር ዋልተር ሞንዴል ነበሩ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዲሴምበር ውድቅ አደረጉት። አንዱ ምክንያታቸው ልጅ የቤተሰብ እንጂ የማኅበር አይሁን የሚል ነበር። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ልጁን በቤተሰቡ እንዳያሳድግ የሚያደርገው ሥራው ነው።

የኤፍ ቱዋ እናት (አዮዋ ሲቲ)፦
ሁላችሁም እኔን ረሳችሁኝ። ባለቤቴ በተማሪ ቪዛ ነው፤ እኔ በእሱ ጥገኛ ነኝ። ኤፍ ቱ በሚባለው በዚህ የጥገኛ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። አገሬ ላይ ፋርማሲስት ነበርኩ። የማንካቶዋ እህቴ ሕግ ደመወዝ ላላት ነው፤ የእኔ ደመወዝ ዜሮ ስለሆነ የዜሮ መቶኛው ዜሮ ነው። ዴይኬሩ ቢረክስም ልጄን አስቀምጬ የምሄድበት ሥራ የለኝም። እኔ ጋ ሊደርስ የሚችለው በእጅ የሚሰጠው ብቻ ነው። እስካሁን የደረሰልኝ ዊክ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ ምን ዓይነት ነው አላሉኝም፤ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን እገዛበታለሁ። ምስሩን ሳይ ሳቄ መጣ፣ የሰጡኝ የምስር ወጥ ነው ለካ።

የሱቁ ባለቤት፦
እህቴ አትቀየሚኝ፣ ግን በሰው አገር በእኛ ግብር እንዲህ ይሰጠን ማለት ትንሽ አይከብድም?

የኤፍ ቱዋ እናት፦
ጋሼ፣ ባለቤቴ ከደመወዙ ግብር ይቆረጥበታል። ሳሙና ስገዛም የግሮሰሪው ማሽን ታክሱን ሲቆርጥ ቪዛዬን አይቶ አያልፈኝም።

የካላማዙዋ፦
የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ጠይቁኝ። የእኛዋ ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው፣ በ2025 አርኤክስ ኪድስ ውስጥ ገባች። ብሩን ምን አደረግሽው ለምትሉ፣ የመጀመሪያውን ሁለት ወር የመኪና ጎማ አስቀየርኩበት። “ለልጁ የተሰጠ ብር!” ያለችኝ የቤተ ክርስቲያን እህት አለች። ጎማዬ ተልጦ በበረዶ ወደ ሕፃናት ሐኪም ስሄድ መኪናው ዞሮ የመንገድ ዳር ቦይ አፋፍ ላይ የቆመ ቀን ከኋላ ያለው ማን ነበር? ያው ልጁ። የሚቸግርሽን አንቺ ታውቂያለሽ ብለው ስለሰጡኝ ነው ጎማ የሆነው፤ የዴይኬር ኩፖን ቢሆን ጎማ አይሆንም።

ለሐኪሙ ሚስት ለምን ይሰጣል ለሚሉት ጋሼ፦ እኔ ሌላ ቦታ ለእርዳታ ወረፋ ይዤ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የባንክ ዝርዝር አምጪ ተብዬ አውቃለሁ። አንዷ ወረቀት ስትጎድል ከመጀመሪያው። እዚህ ገቢ ስለማይጠየቅ አንገቴን ሳልደፋ ወሰድኩ። ለከተማችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ2005 ጀምሮ ስማቸውን ያልገለጹ ለጋሾች ከከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚመረቅ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ይከፍሉለታል፤ የሀብታምም የድኻም ልጅ እኩል።

ከአዲስ አበባ የምታነብ፦
የአሜሪካው ነገር ይገርመኛል፤ የእኛ አገር ድኻዋ አገር 120 ቀን ሙሉ ደመወዝ ትሰጣለች፣ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው በኋላ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ተመልከቱ። አባት ግን 3 ቀን ነው፤ ለአባት የክትፎ ፈቃድ በሉት። ግን አትቅኑብን፤ ሙሉውን የሚከፍለው ቀጣሪው ብቻ ስለሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ “የትዳር ሁኔታሽስ?” ሲሉሽ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባሻል። የማንካቶዋ መዋጮ ከዚህ ይሻላል፤ ሁሉም ስለሚያዋጣ አንድ ቀጣሪ ላይ አይወድቅም። ደግሞ እኔ በ91ኛው ቀን ሥራ የገባሁት ሞግዚት ስላለችኝ ነው። የቤት ሠራተኛ ደግሞ በዚያ አዋጅ ውስጥ የለችም። እሷ ብትወልድስ? እኔም ስጽፈው አፈርኩ።

የብሉሚንግተኗ ልጅ፦
እናቴ አጠገቤ ሆና ሁሉንም አስነበበችኝና “ጻፊልኝ” ብላለች። እንዳለችው፦

“ለምትወልደው ደመወዝ፣ ለዴይኬሩ ደመወዝ፣ ጥሩ ነው። ለእኔስ ማን ይከፍለኛል? ከደብረ ማርቆስ ሁለት ቀን ተጉዤ መጥቼ ገንፎ የማገነፋ፣ ሌሊት እሹሩሩ የምል እኔ ነኝ። ስድስት ወርሽ አለቀ ብለው ይመልሱኛል። ልጁን ደግሞ ያለ ብርድ ልብስ በጀርባው ዘርግተው፣ ውኃም ክልክል፣ ቅቤም ክልክል። ሐኪሙ ካለ ይሁን ብያለሁ። ሌሊት ግን እየተነሣሁ እግሩን እዳብሳለሁ፤ በርዶት ከሆነ ብዬ።”

(ሙቅ ነው ሁልጊዜ። ግን ትዳብሳለች።)

የአራት ወሩ አባት፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የእኔን እናት ኤምባሲው ሁለት ጊዜ ከልክሏታል፤ ለዚህ ነው ፓርኪንግ ውስጥ የምንቀባበለው። ጋሼ፣ “ማንም አልሰጠንም” ሲሉ ለመጠየቅ ያህል፣ ልጆቹ ሕፃን እያሉ ቤት ውስጥ ማን ነበር?

የሱቁ ባለቤት፦
እናቴ ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ወር መጥታለች። በኋላ ደግሞ የባለቤቴ እህት። ሦስተኛዋን ከሱቁ ባንኮኒ ሥር በሙዝ ካርቶን አንጥፈን ነው ያስተኛናት፤ አሁን ነርስ ናት። ገባኝ ወዴት እንደምትወስደኝ። ቢሆንም የሰው ነገር እንጂ የመንግሥት አልነበረም።

የአራት ወሩ አባት፦
እሺ ጋሼ። እዚህ በኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቅዳሜ ኪኒክ ስታዲየም የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ሕዝቡ በሙሉ ይዞርና ማዶ ካለው የሕፃናት ሆስፒታል መስኮት ለቆሙት የታመሙ ልጆች እጁን ያውለበልባል። በ2017 ነው የተጀመረው። ስታዲየሙ ውስጥ ቆሜ አልቅሻለሁ። ይህ ሕዝብ ለልጅ አይራራም የሚለኝን አልሰማም። ሰኞ ጠዋት ግን ከዚያው ስታዲየም ሥር ልጄን በካፖርት ጠቅልዬ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። የሰው ነገር የሚሉት ሰው ሲኖርዎት ነው።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ ትንሽ ሐሳቤን ልቀይር። የኤፍ ቱዋን እናት ሳነብ ፈቃድ ብቻ ማለቴ ልክ አልመሰለኝም። መጀመሪያ በእጅ የሚሰጠው ይምጣ፣ ከዚያ ፈቃዱ። ዴይኬሩን አልተቃወምኩም፤ ግን የሦስት ወር ልጅ የሚሰጥበት ሳይሆን የዓመት ልጅ የሚሄድበት ይሁን።

የዴይኬር ሠራተኛ፦
እስከ ዓመት ድረስ እናንተ ያዙትና ከዚያ ለእኔ ስጡኝ ነው የምትለው? እስማማለሁ። ደመወዜን አትርሱ ብቻ።

የኤፍ ቱዋ እናት፦
የአራት ወሩ አባት፣ እኔ ከሕንፃህ በእግር አምስት ደቂቃ ነው የምኖረው። ማክሰኞና ሐሙስ ልጁን አምጣልኝ፤ ባለቤትህ ትተኛ። ከልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ ይንከባለላሉ። ብር ግን እንዳታነሣብኝ፤ ከተቀበልኩ ሥራ ሠራሽ ተብዬ ቪዛዬ ይበላሻል።

የሱቁ ባለቤት፦
ቆይ፣ በነፃ ስትይዥው ሥራ አይደለም፣ አሥር ዶላር ከሰጠሽ ሥራ ነው?

የኤፍ ቱዋ እናት፦
አዎ ጋሼ። እንደዚያ ነው የሚሉት።

የአራት ወሩ አባት፦
እህቴ፣ ማክሰኞ በ8 ሰዓት እመጣለሁ፣ በአሜሪካን ሰዓት። ባለቤቴን ቀስቅሼ ልነግራት ነበር፤ ትተኛ ብዬ ተውኩት።