ወንድሜ በልጅነቱ የደረሰበት በደል ቅጣቱን ያቀልለታል? (ጥያቄና መልስ)

እህቱ ነኝ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የ22 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 መሠረት በተራ የሰው ግድያ ጥፋተኛ ተብሏል። ችሎቱ ልደታ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ለቅጣት አስተያየት ነው። ሲጠጡ አምሽተው ተጣሉ፤ ወንድሜ የሰፈራችንን ልጅ በስለት ወጋው፤ ልጁ ሞተ። አላደረገውም አልልም። የሟችን እናት አውቃቸዋለሁ፤ ሳያቸው የምገባበት ይጠፋኛል።

ልጠይቃችሁ የፈለግኩት ስለ አስተዳደጉ ነው። እናታችን ስታርፍ እኔን አያቴ ወሰደችኝ፤ እሱ ተክለሃይማኖት አካባቢ ለሚኖር አጎታችን ተሰጠ። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። አጎታችን በኤሌክትሪክ ገመድ ነበር የሚገርፈው። በርበሬ ያጥነው ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ ከሰል ላይ በርበሬ ይነሰነሳል፣ ልጁ በጋቢ ይጠቀለልና ፊቱን ጭሱ ላይ ይደፉታል። ማልቀስ እንኳ አይቻልም፤ ሳሉ ትንፋሽ ያሳጣል። ጀርባው ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም ድረስ አለ። በ13 ዓመቱ ጠፍቶ ጎዳና ወጣ። ሜክሲኮ አካባቢ ማስቲሽ ሲስብ ነው ያገኘሁት።

ይሄ ሁሉ ለፍርድ ቤት ይነገራል? ቅጣት ያቀላል? ወይስ ሰበብ ፍለጋ ተብሎ ጭራሽ ይጎዳዋል? የቆመለት የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ብዙ መዝገብ ይዟል። ምን ይዤ ልሂድለት?

የተክለሃይማኖት ልጅ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሐሳቤን ግን ልናገር። በዚያ ሰፈር ያልተገረፈ ማን አለ? እኔም በቀበቶ ተገርፌያለሁ፣ ተንበርክኬ ውያለሁ። ወንድሞቼም እንደዚያው። ሰው አልገደልንም። ልጅነቴ ነው እያለ ሁሉ ቅጣት ከቀለለለት የሟች ደም የት ይግባ? ወንድምሽን ልጎዳው ብዬ አይደለም። ግን ዳኛው ይሄን ቢጠይቅ መልስ ይኑርሽ።

ጠበቃ፣ ልደታ አካባቢ፦

የወንድማችን ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም ያነሳዋል። መጀመሪያ ግን ሕጉ የሚለውን እንይ።

አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በመካከሉ ሰፊ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ክርክራችሁም እዚያ ውስጥ ነው። ነጻ ይውጣ የሚባልበት ምዕራፍ አልፏል።

የጠቅላላ ቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች በአንቀጽ 82 ተዘርዝረዋል። «በልጅነቱ ተበድሏል» የሚል ግን የለበትም። ስለዚህ 82ን ብቻ ጠርቶ መቀመጥ አያዋጣም። ሁለት ሌሎች በሮች አሉ። አንዱ አንቀጽ 88 ነው። ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን ያለፈ ሕይወት፣ የግል ሁኔታውንና የትምህርት ደረጃውን እንዲመለከት ያዛል። ሌላው አንቀጽ 86 ነው። በሕጉ ያልተዘረዘረ ምክንያትም ቅጣት ሊያቀል ይችላል፤ ዳኛው ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ አለበት። የወንድምሽ ታሪክ የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው። የተጸጸተ ከሆነ፣ እጁን ራሱ ሰጥቶ ከሆነ፣ የሟችን ቤተሰብ ለመካስ ሞክራችሁ ከሆነ ደግሞ 82(1)(ሠ) በቀጥታ ይጠቀሳል። ይሄ ቅጣቱን በእርከን፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ፣ የሚያስቀንስ ነገር ስለሆነ አትተዉት።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገውን ልንገርሽ። ያው አንቀጽ 88 ዳኛው የጥፋተኛውን አደገኛነትም እንዲመዝን ያዛል። «ተገርፎ፣ ተሰቃይቶ፣ ጎዳና ላይ አደገ» ብለሽ ካቆምሽ፣ ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ «እንግዲያው ይሄ ሰው ነገም ይገድላል» ቢል ምን ትመልሻለሽ? ብዙ የቅጣት አስተያየት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የበደሉን ታሪክ ስታቀርቡ ከጎኑ ሰውየው ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ይኑር። ከጎዳና ከተነሳ በኋላ ሥራ ይዞ ነበር? የቀድሞ ሪከርድ አለበት? ማረሚያ ቤት ትምህርት ጀምሯል? ሲወጣ የሚቀበለው ሰው አለ?

ደግሞም «ሰክሮ ነበር» የሚለውን አታስቀድሙ። ፈልጎ የሰከረ ሰው በስካሩ አያመልጥም።

ሶሻል ወርከር ነኝ፦

ለተክለሃይማኖቱ ወንድሜ ልመልስ። ትክክል ነህ፣ አብዛኛው የተበደለ ልጅ ወንጀለኛ አይሆንም። ካቲ ዊዶም የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመችው ጥናት አለ። በደልና ችላ መባል የደረሰባቸውን ልጆች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽራ ለዓመታት ተከታትላለች። በአፍላ ዕድሜያቸው በወንጀል የተያዙት ከተበደሉት 26 በመቶ፣ ካልተበደሉት 17 በመቶ ያህል ነበሩ። ቁጥሩን በሁለቱም በኩል አንብበው። ከተበደሉት ውስጥ ሦስት አራተኛው አልተያዘም። በደሉ ግን የልጁን ዕድል አክብዶበታል።

በቀበቶ መገረፍና በርበሬ መታጠንንም አንድ ላይ አታስቀምጣቸው፣ እባክህ። ከልጆች ጋር ነው የምሠራው። ቤቱ ራሱ የሚያስፈራው ልጅ ሌላ ልጅ ነው። ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፣ ቀና ብሎ ያየው ሰው ሊመታው የመጣ ይመስለዋል። ሰውነቱ ለአደጋ ተዘጋጅቶ ነው የሚያድገው። ሌላው ሰው ስድብ ብሎ የሚያልፈውን እሱ ጥቃት አድርጎ ይወስደዋል። ይሄ ለግድያ ፈቃድ አይሆንም። ያቺ ቅጽበት ለእሱና ለአንተ እኩል ቀላል አልነበረችም ማለት ግን ይቻላል። ከዳኛው የሚጠየቀውም ይህንን እንዲያይ ነው።

እህቴ፣ ወረቀት ሰብስቢ። «ተበድሏል» የሚል ቃል ብቻውን አያሳምንም። ጤና ጣቢያ ታክሞ ከነበረ የካርዱን ግልባጭ ጠይቂ። ትምህርት ቤት ያቋረጠበት ዓመት ከመዝገብ ይገኛል። ጎዳና ላይ ሳለ የረዳው ድርጅት ካለ ደብዳቤ ይጻፍልሽ። ጠባሳው በሐኪም ታይቶ ይመዝገብ። የአእምሮ ጤናውን በተመለከተ ችሎቱ በባለሙያ እንዲመረመር ሊያዝ ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጥያቄውን ጠበቃው በጽሑፍ ያቅርብ።

ጠበቃ፣ ልደታ አካባቢ፦

በምርመራው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንቀጽ 49 ከፊል ኃላፊነትን ይመለከታል፤ የማገናዘብ ወይም ራስን የመቆጣጠር አቅሙ ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ምክንያት ጎድሎ የነበረ ሰው ማለት ነው። በጊዜው ሳይነሳ አልፎ ከሆነ አሁን መንገዱ ይጠብባል፤ ቢሆንም ጠበቃችሁ ይጠይቅ። ዳኛው ከተጠራጠረ ባለሙያ ያስቀርባል።

ወንድሜን ያጣሁ፦

እኔ በሌላኛው ወገን የተቀመጥኩ ነኝ። ወንድሜ በጩቤ ነው የተገደለው። ፍርድ ቤት ስንመላለስ ከርመናል። ገዳዩ ስለ ልጅነቱ ሲናገር ሰምቼ ከችሎት ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ወንድሜ ልጅነት የጠየቀ አልነበረም። እኛም ያለ አባት ነው ያደግነው። እሱ ጫማ እየጠረገ ነው ያስተማረኝ።

ይሄን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። እኔ ከውሳኔው ቀን በኋላ የገባኝ ነገር አለ። እኔን የቆረጠኝ ታሪኩ መነገሩ አልነበረም። ጠበቃው ሲናገር የሟችን ስም አንዴ እንኳ አልጠራም። አንቺ ቀርበሽ ብትናገሪ ስሙን ጥሪው። እናቱን «ልጅሽን የገደለው ወንድሜ ነው» በያቸው፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ። ሽማግሌ ልካችሁ ከሆነ መልካም። ካልላካችሁ ከቅጣት ቀጠሮው በፊት ላኩ፤ ግን ለወረቀቱ ብላችሁ አትላኩ። ይታወቃል።

ቅጣቱ ይቅለል ወይ? ካልሽኝ፣ አንድና ሁለት ዓመት ቢቀንስ ወንድሜን አያስነሳውም፤ ቢጨመርም እንደዚያው። ዜሮ እንዳይሆን ብቻ ነው የምፈልገው። ያንን ልጅ ያሰቃየው ሰውዬ ግን እቤቱ ቁጭ ብሎ ይሆናል። እሱ ያናድደኛል።

የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ፦

የእህታችንን ቃል ካነበብኩ በኋላ መጻፍ ከበደኝ፤ ቢሆንም ለጠያቂዋ የሚጠቅም ስለሆነ ልበል።

ጥያቄው በሌላ አገርም ተነስቷል። አሜሪካ ውስጥ ኤዲንግስ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ፖሊስ ገድሎ ሞት ተፈረደበት። አባቱ ክፉኛ ይመታው ነበር። የኦክላሆማው ዳኛ «ይህንን እንደ ማቅለያ ልይ ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ፍርዱን ሻረው። ዳኛው ታሪኩን ሰምቶ ምን ያህል እንደሚመዝን ራሱ ይወስናል፤ ጨርሶ አልሰማም ማለት ግን አይችልም ተባለ።

አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ2013 በግሚ በተባለ ሰው ጉዳይ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ነገር ብሏል። በከባድ እጦትና በዓመፅ መካከል ያደገ ሰው ጉዳት ዕድሜው ስለጨመረ ብቻ አይጠፋም። ጋሼ ጠበቃው ያስጠነቀቁትንም ያው ፍርድ ቤት አንስቶታል፤ ያው አስተዳደግ ጥፋቱን ሲያቀል ኅብረተሰቡን ከሰውየው የመጠበቅን ጥያቄ ሊያከብድ ይችላል።

የአሜሪካዊያኑን የሜኔንዴዝ ወንድማማቾች ጉዳይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ወላጆቻቸውን የገደሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ አባታችን ይደፍረን ነበር ብለው ተከራክረዋል። በ1996 ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ2025 ቅጣቱ አመክሮ ሊጠየቅበት ወደሚችል ተቀየረ። ያ ግን ከወንድምሽ ይለያል። እዚያ ከተገደሉት አንዱ ራሱ በዳይ ነው የተባለው አባት ነው። የእናንተው ሟች ለወንድምሽ በደል ምንም እጁ የለበትም። ይህንን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዐቃቤ ሕጉ እስኪናገረው አትጠብቁ።

እህቱ ነኝ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወንድምሽን ያጣሽው እህቴ፣ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እናቱ ጋ ሽማግሌ እንልካለን፤ ለወረቀት አይሆንም።

አሁን አንድ ችግር አለ። አጎቴ በሕይወት አለ። ዘመዶቼ «ስሙን ፍርድ ቤት ካነሳሽ ከእኛ ጋር አይደለሽም» ብለውኛል። የቤቱን ገበና አደባባይ ማውጣት ነው ይላሉ። ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ እማማ ግን «እኔ እመጣለሁ፣ ስንቴ በሩን እንደደበደብኩ እናገራለሁ» ብለውኛል። እሳቸው ብቻ ይበቃሉ?

የተክለሃይማኖት ልጅ፦

እኔ ስለ በርበሬው ደግሜ አሰብኩበት። ያ ቅጣት አይደለም፣ ስቃይ ነው። እማማን ውሰጃቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶ ዝም ካለ አንድ የተናገረ ሰው ይኑር።

ጠበቃ፣ ልደታ አካባቢ፦

ይበቃሉ፤ እንዲያውም ከአሥር ዘመድ ይሻላሉ። ዘመድ ለወገኑ ያደላል ይባላል። እሳቸው ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይናገሩ፤ «ጎበዝ ልጅ ነበር» የሚለው ለሌላ ይቅር። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 መሠረት ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ ዐቃቤ ሕግ አስተያየቱን ይሰጣል፤ ቀጥሎ ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፣ ስለ ጠባዩ ምስክር ማሰማትም ይችላል። ጠበቃው ምስክር እንዳለው አስቀድሞ ለችሎቱ ያሳውቅ። ለእሱ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው፤ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳየ። ሥራ ለሚበዛበት ጠበቃ ከዚህ የበለጠ እርዳታ የለም።

ስለ አጎትሽ፣ ስሙን መጥራት ግዴታ አይደለም። «አሳዳጊው» ማለት ይቻላል። የምትፈሪው ክስ እንዳይመጣበት ከሆነ፣ በኃላፊነት የያዘውን ልጅ የሚያሰቃይ ሰው በአንቀጽ 576 ይጠየቃል፤ መነሻው ከሦስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በጤና ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ይከብዳል። በእኔ እምነት ሦስት ወሩ ለዚህ ዓይነቱ ጭካኔ እጅግ ያንሳል። ግን እሱ ሌላ መዝገብ ነው፤ የወንድምሽን ቀጠሮ አታያይዢበት።

ቅጣቱ ከተነበበ በኋላ ታሪኩ ጭራሽ ካልተጠቀሰ፣ ዳኛው ለምን እንዳልተቀበለውም ካልጻፈ፣ ይግባኝ የምትሉበት አንድ ነጥብ እሱ ነው። የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ ይገባል፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱን ግልባጭ ካገኛችሁ በ30 ቀን ውስጥ። ግልባጩን በዚያው ቀን ጠይቁ።