የተንቀሳቃሽ ዐውደ ርእዩ ፕሮፖዛል፦ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ

ሰብሳቢ (ሰኞ ማታ 1:20)
ረጂው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነው ብሏል። ርእሱ እንደተስማማነው «መቅደስና መንግሥት፦ ከይሓ እስከ ዒዛና»። 12 ፓናል፣ 6 ትምህርት ቤት፣ 380,000 ብር። ረቂቁ ከላይ ተለጥፏል። የአምናው እንዳይደገም።

ጥንተ ነገር
ፓናል 1 ላይ «ሳባውያን ሥልጣኔን ይዘው ባሕሩን ተሻገሩ» ይላል። ይሄ ካልወጣ እኔ አልፈርምም። ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ የተገኘው የመሥዋዕት ድንጋይ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? የዋዕራን፤ እዚሁ የነገሠ ንጉሥ ነው። ፊደሉ የሳባ፣ አምላኩ አልመቃ፣ ንጉሡ የኛው። ተማሪ ማወቅ ያለበት ይሄን ነው።

የ9ኛው መምህር
አልመቃ የመን ውስጥ የሳባውያን ከተማ ማሪብ ላይ ትልቅ መቅደስ ያለው አምላክ ነው። ቀይ ባሕርን ሳትጠቅስ እንዴት ታስረዳዋለህ? «ሁሉ ከኛ» ማለትም «ሁሉ ከነሱ» ማለትም ያው አንድ ስንፍና ነው።

ጥንተ ነገር
ባሕሩን ደምስሱ አላልኩም። «ይዘው ተሻገሩ» የሚለውን ነው አውጡ ያልኩት።

የአድዋው
ይሓ ሄዳችሁ የምታውቁ ስንት ናችሁ? የመቅደሱ ግድግዳ ዛሬም 14 ሜትር ያህል ቆሞ ነው፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት አልፎት። ድንጋዩ ያለ ጭቃ ተስተካክሎ ነው የተገጠመው። ለኔ ፓናል 1 መሆን ያለበት ጥያቄ ነው፦ ያንን ሁሉ ድንጋይ ሲቀርጽ የሚውል ሰው ማሳው ላይ አይደለም፤ ማን አበላው? የአምላኩ ቤት ሰውና እህል የሚያሰባስብ ጉልበት ካልነበረው ያ ሕንፃ አይቆምም። ከዚያ እዚያው ይሓ ያለውን ግራት በዓል ገብሪን ከጎኑ አምጡ፣ እሱ የሹማምንት ሕንፃ ነው የሚባለው። መቅደሱና ቤተ መንግሥቱ ዐይን ለዐይን ይተያያሉ። ርእሳችን ይሄው አይደል?

የ9ኛው መምህር
ልክ ነው። ለንጽጽር ኡሩክን፣ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ያለችውን ጥንታዊ ከተማ፣ አስገቡ። በኤአና መቅደስ ግቢ የተገኙት ከ5,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የሸክላ ጽሑፎች አብዛኞቹ ጸሎት አይደሉም፤ የገብስ፣ የቢራ፣ የከብት መዝገብ ናቸው። ጽሕፈት የተጀመረው የመቅደስ ንብረት ቆጣሪ ፊት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከይሓ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለንምና የኡሩክን ወስደን እንዳንለጥፍባት።

ጸሐፊ
ፓናል 3 (ጽሕፈት) ማን ይጻፈው?

ፊደለ ገብርኤል
እኔ። ከነገ ወዲያ ታገኙታላችሁ።

ቀለም ቤት (ማክሰኞ ቀን 6:05)
ሽፋኑን ሠርቻለሁ፣ እዩት። የዒዛና የወርቅ ሳንቲም ተጎልቶ፣ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ፣ ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ።

ገንዘብ ያዥ
ቆንጆ ነው። ግን ጨረቃዋን አንሳት። ወላጅ አይቶ «ምንድነው?» ቢል ማን ይመልሳል? ረጂውም ግራ ይጋባል።

የመርካቶው
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጨረቃዋ የኛ አይደለችም። ዒዛና ሲያስቀርጻት ነቢያችን ሊወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀር ነበር። ለዚህ ነው ዐውደ ርእይ የምናዘጋጀው፣ ሰው እንዲጠይቅ።

ገንዘብ ያዥ
እንዲጠይቅማ እኔንም ደስ ይለኛል። ግን ጥያቄው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ነው የሚደርሰው። አምና ማን ተጠርቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ጥንተ ነገር
አንድ ምስል ለማንሳት እኮ ታሪኩን እያነሳችሁ ነው! የዐውደ ርእዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው የዒዛና ጽሑፍ «ወልደ ማሕረም ዘኢይትመዋእ ለፀር» ይላል፤ ንጉሡ በጠላት የማይሸነፈው የጦር አምላክ የማሕረም ልጅ ነው። የኋለኛው «በኃይለ እግዚአ ሰማይ» ብሎ ይጀምራል። ሳንቲሙ ላይም ጨረቃው ሄዶ መስቀል ይመጣል። ንጉሡ አንድ፣ ሠራዊቱ አንድ፣ ግብሩ አንድ፤ የንጉሥነቱ ማስረጃ ግን ከአንድ አምላክ ወደ ሌላ ተዛወረ። ስንዴው ግን በሁለቱም ሳንቲሞች ግራና ቀኝ ቆሞ ቀርቷል። ይሄን አይቶ የማይገባው ተማሪ የለም።

ቀለም ቤት
ሁለቱን ሳንቲሞች ጎን ለጎን ላድርጋቸው?

ገንዘብ ያዥ
ግራ ጨረቃ ቀኝ መስቀል? ጭራሽ! አሁን ደግሞ ማን ከማን ይቀድማል ይባላል።

የመርካቶው
በጊዜ ቅደም ተከተል ነዋ የሚቀመጠው ወንድሜ!

የአድዋው
አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ይሓ የአረማውያን ቤት ነው ብሎ ያፈረሰው የለም። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ አፍጼ መጥተው መቅደሱን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፣ ያ ባይሆን ኖሮ ድንጋዩ ዛሬ ላይቆም ይችል ነበር። ዛሬም በግቢው ያለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዋልያ ራስ ከነቀንዱ በረድፍ ተቀርጾ ይታያል። የጥንቱ ነው፣ ከድሮው ተነሥቶ እዚያ የገባ። ቄሶቹ አልፈሩትም። እኛ ነን የፈራነው።

ጸሐፊ
እንግዲያው ዋልያውን ሽፋን እናድርገው! ማንም አይቃወምም።

ቀለም ቤት
ይሠራል። ሳንቲሙ ወደ ውስጥ ይግባ።

የ9ኛው መምህር
እሱ የኛ ዋልያ ነው ወይስ የደቡብ ዓረብ የተራራ ፍየል? ማሪብም ሆነ ሌላው የሳባ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ረድፍ አለ።

ጥንተ ነገር
ተመለስንበት።

ገንዘብ ያዥ
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ዋልያ ስንል የቢራ ማስታወቂያ ነው ብለው ትምህርት ቤት እንዳያስገቡን።

የመርካቶው
😂 በቃ ባዶ ሽፋን እናድርግ

ሰብሳቢ (ረቡዕ ጠዋት 3:40)
ተዉ። አርባ መልእክት ስለ ሽፋን ነው የጻፋችሁት። ፓናል 3 የት ደረሰ? ፊደለ ገብርኤል?

ሰብሳቢ
ፊደለ ገብርኤል?

ጥንተ ነገር
ከዚህ ወዲያ እኔም አልጽፍም። የማንም ፍርሃት ታሪክ አይመራም።

ጸሐፊ
ጋሼ እባክዎ፣ ገንዘብ ያዣችንም ለክፋት አይደለም። የርስዎ የሳንቲሙ ገለጻ ፓናል 6 ላይ እንዳለ ይግባ።

ጥንተ ነገር
እንዳለ ከሆነ እሺ። ቃል አይነካ። «ይዘው ተሻገሩ» የሚለው ግን ይውጣ።

ገንዘብ ያዥ
ይውጣ። ጨረቃዋ ሽፋን ላይ እስካልወጣች ድረስ በውስጥ እንደፈለጋችሁ።

ቀለም ቤት
ዋልያውን አጥርቼ ሳየው ግን ለቲሸርት የተሠራ ይመስላል። ጥቁር ላይ ነጭ።

የአድዋው
ቲሸርት ከሆነ ተማሪዎቹን ለምን ይሓ አንወስድም? ፓናል ቀንሰን አውቶቡስ እንከራይ። በፎቶ ከሚያዩት ድንጋዩን ቢነኩት።

የ9ኛው መምህር
ይሄን መጀመሪያ ብትል ኖሮ። ግን ስንት ተማሪ? አዳር አለ፣ ምግብ አለ፣ የወላጅ ፈቃድ አለ።

ሰብሳቢ (ሐሙስ ማታ 2:15)
ነገ የሚገባው ይሄ ነው፦ 5 ፓናል (ይሓ፣ ውቅሮ፣ ኡሩክ፣ የዒዛና ሳንቲም፣ የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን)፤ የይሓ ጉዞ ለ30 ተማሪ፤ ቲሸርት። ርእሱ «የይሓ ጉዞ» ሆኗል። «መቅደስና መንግሥት» ንኡስ ርእስ ሆኖ ይቆይ። ድምሩ ያው 380,000 ነው፤ ረጂው ለምን ተቀየረ ቢል ጋሼ ያስረዳሉ።

ጥንተ ነገር
እኔ? ኡሩክ ከጉዞ ጋር ምን ያገናኘዋል ሲሉኝ ምን እላለሁ?

የ9ኛው መምህር
ለኔ ላኩልኝ፣ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ። ጽሕፈቱንም እዚያው አስገባዋለሁ፣ ሰውየው ጠፍቷል።

ገንዘብ ያዥ
ለቲሸርቱ ላርጅ ስንት፣ ኤክስ ላርጅ ስንት? ዛሬ ካልመለሳችሁ ለሁሉም ሚዲየም ነው የምመዘግበው።