አስቸኳይ፦ ፎርም ላይ «ሰርኔም» (የቤተሰብ ስም) የሚለው የአባት ነው የአያት?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ጀማው ድረሱልኝ፣ ፎርሙ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል። ዲግሪዬ ላይ እንዳለው የአባቴን ስም «ሰርኔም» ላይ ሞላሁ፤ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም ብሎ ቀይ አደረገው። የአያቴን እንዳልጽፍ ደግሞ እህቴም አብራኝ ነው የምትሞላው፤ የሷ ፓስፖርት ላይ አያታችን በሁለት «ኤስ»፣ የኔ ላይ በአንድ ነው የተጻፈው። ስሙን ከኛ ቤት ውጭ ድሬ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም፤ በአንድ ፊደል ምክንያት እህትና ወንድም አይደላችሁም እንዳንባል ፈራሁ።

ከዚራ፦
የት አገር ነው? የምን ፎርም ነው?

አንጋፋው፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ከመነሻው አልተስተካከለም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያላቸውንማ ድሬ አይታለች፤ ኳስ ተጫዋቹ ሉቺያኖ ቫሳሎ ለጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አምበላችን እሱ ነበር፣ ወንድሙ ኢታሎም በፍጻሜው ጎል አግብቷል። የነሱ ስም ሳይለወጥ ወደ ልጅ ይወርዳል። የኛ በየትውልዱ ይቀየራል፤ ለልጅህ አያት የሚሆነው ያንተ አባት ነው። ይህን ለፈረንጆቹ ማስረዳት ነው።

ሳቢያን፦
አቦ የአባትህን ጻፍ። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ፣ እጅጋየሁ፣ ሦስቱም ዲባባ አይደል የሚባሉት?

ትኬት ቢሮ የሠራሁ፦
ሳቢያን፣ ልጁን አታሳስተው። ሩጫ ላይ የሚጠራው ሌላ፣ የጉዞ ሰነድ ሌላ። ወንድሜ፣ ፓስፖርትህን ክፈትና ፎቶህ ያለበትን ገጽ ግርጌ እይ። ሁለት መስመር አለ። ከላይኛው መስመር «ኢ ቲ ኤች» ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ፣ እንደ ቀስት ጫፍ ወደ ግራ የዞሩት ሁለት ምልክቶች እስኪመጡ ያለው ሰርኔምህ ነው። ከምልክቶቹ ወዲያ ያለው ሌላው ስምህ ነው። ፊደል በፊደል ገልብጠው። የእህትህንም በሁለት «ኤስ» ተዉት፤ እናመሳስል ብላችሁ አንዷን ፊደል እንዳትነኩ። ትኬትና ፓስፖርት ካልገጠመ ጣጣው ኤርፖርት ላይ ነው የሚመጣው።

ሳቢያን፦
እኔ አሁንም የአባት ነው የምለው። የአጎቴ ልጅ በአባቱ ሞልቶ ሄዷል።

መምህርት ነኝ፦
እህትና ወንድም መሆናችሁን የሚያሳየው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የእናትና የአባት ስም አለበት። የሁለታችሁንም አስተርጉማችሁ አያይዙ። «ኤስ»ዋን አትጨነቁባት፣ አማርኛው ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
የአያቴ ነው ያለው! ገለበጥኩት፣ ቀዩ ጠፋ። እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር። አሁን ዲግሪ ጫን እያለኝ ነው፤ እዚያ ላይ አያት የለም።

ትኬት ቢሮ የሠራሁ፦
ጫነው። ማብራሪያ መጻፊያ ቦታ ካለ፣ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት መሆኑን በሁለት መስመር ጻፍበት።

ከዚራ፦
እሺ፣ አለፈ? እህትህስ?